መስማት የተሳነው ልጅና ኦቲዝም፤ ምርመራው ለምን ይከብዳል?

በዚህ ወር ዓምዳችን ብዙ ወላጆች ግራ የሚጋቡበትን አንድ ጉዳይ እንመለከታለን ኢንሻአላህ። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም፤ አይናገርም፤ ከእኩዮቹ ጋርም እምብዛም አይጫወትም። ይህ የመጣው መስማት ስለተሳነው ብቻ ነው ወይስ ኦቲዝምም አለበት?

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው። ዋና መገለጫዎቹ ከሰው ጋር ለመግባባት መቸገርና አንድን ድርጊት እየደጋገሙ መሥራት ናቸው። መስማት የተሳነው ልጅም ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009–2010 በተሰበሰበ መረጃ የመስማት ችግር ካለባቸው የ8 ዓመት ልጆች መካከል ከ59ኙ አንዱ ለኦቲዝም የሚሰጥ አገልግሎት ያገኝ ነበር።

ስህተት በሁለት በኩል ይፈጠራል። አንዳንዴ ሁሉም ነገር «ስለማይሰማ ነው» ተብሎ ኦቲዝሙ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። አንዳንዴ ደግሞ ቋንቋ ያጣ እንጂ ኦቲዝም የሌለበት ልጅ ኦቲዝም አለበት ይባላል። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤቱ የምልክት ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ልጁ ያለ በቂ ቋንቋ ሊያድግ ይችላል። የሌላውን ሰው ሐሳብ መረዳትም ሊዘገይበት ይችላል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ያደጉት ግን በዚህ ረገድ ከሚሰሙ እኩዮቻቸው አያንሱም።

ስለዚህ የመርማሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጁ የምልክት ቋንቋ ያገኘው በስንት ዓመቱ ነው? ከማንስ ጋር ይነጋገርበታል?» የሚል መሆን አለበት። ምልክት በሚጠቀም ቤት ያደገ ሕፃን በእጆቹ ይንተባተባል፤ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነውም የመጀመሪያ ምልክቶቹን ያሳያል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ቋንቋው በጣም ከዘገየ መስማት አለመቻሉ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የቋንቋ ችሎታውም በንግግር ፈተና አይለካም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ፈተና ልጁ በቪዲዮ በምልክት የተነገረ ዓረፍተ ነገር አይቶ ትክክለኛውን ሥዕል ይመርጣል። የምልክት ቋንቋ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ የኢትዮጵያም የራሱ ነው። የአንዱን ፈተና ቃል በቃል ተርጉሞ መጠቀም አይቻልም።

ምልክት በሚጠቀም ልጅ ላይ ኦቲዝም የሚታይባቸው መንገዶች አሉ። ተመራማሪዎቹ አሮን ሺልድና ሪቻርድ ማየር እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት አንዳንዶቹ መዳፋቸውን ገልብጠው ምልክት ይሠራሉ። ወደ ውጭ መዞር ያለበት መዳፍ ወደ ራሳቸው ይዞራል። የታያቸውን ምልክት እንዳለ የሚያስተጋቡም፣ «እኔ» እና «አንተ» በማለት ፈንታ ስም የሚጠሩም አሉ። ሌላው ፊት አለማየት ነው። በምልክት ቋንቋ ቅንድብና ፊት የሰዋስው ሥራ ስላላቸው መስማት የተሳነው ልጅ ዘወትር የሰው ፊት ይመለከታል። ፊት የሚሸሽ ከሆነ በቸልታ አይታለፍ።

ስም ጠርቶ ምላሽ መጠበቅ ለዚህ ልጅ አይሠራም፤ ትከሻውን መንካት ወይም እጅ ማወዛወዝ ይገባል። መርማሪው ራሱ ምልክት ቢያውቅ ይመረጣል። አስተርጓሚ የልጁን የተዛባ አነጋገር አስተካክሎ ስለሚያቀርብ ዋናው ፍንጭ ሊጠፋ ይችላል።

እናንተ ወላጆችስ ምን ታደርጋላችሁ? በቅድሚያ የጆሮ ምርመራ አስደርጉ። ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወትና በምልክት ሲነጋገር በሞባይል ቀርጻችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ውጤቱን ሳትጠብቁ የምልክት ቋንቋ አብራችሁት ተማሩ፤ መናገርን አይከለክለውም። ወደ መድኃኒት ቤት መጥታችሁ «እንዲናገር የሚያደርገው ሽሮፕ» ብትጠይቁን ግን የለም። ለኦቲዝም የሚታዘዙት መድኃኒቶች እንደ ከባድ ቁጣ ያሉ ችግሮችን ለማብረድ እንጂ ቋንቋ ለመስጠት አይደለም። ቋንቋ የሚገኘው ከሰው ነው፤ ጊዜው ደግሞ የሕፃንነት ዕድሜ ነው።