ካንሰር አይደለም ከተባለ በኋላ

ጁባ ውስጥ የሀበሻ ቡና ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። በኮኞ ኮኞ ገበያ ዙሪያም ሆነ ወደ ጉዴሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ረከቦት ዘርግታ የተቀመጠች ሴት አትጠፋም። ለሌላ ሥራ ሄጄ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ናቸው የሚቀዱት። ጀበናውን አንስተው ከፊታቸው ያሉትን ሲኒዎች ጠብታ ሳያፈሱ ሞሉ። ከረከቦቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ የነበሩትን ሁለቱን ግን ዘለሏቸው። አስተናጋጇ ምንም ሳትናገር ሁለቱንም ወደ መሀል ገፋ አደረገቻቸውና ተቀዳባቸው። ሲያደርጉት የኖሩት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

“እንደ ጋሪ ፈረስ ሆኛለሁ ወንድሜ” አሉኝ ወይዘሮዋ፣ ዓይኔ ሲኒዎቹ ላይ መቅረቱን አይተው። “ፊት ለፊቴን ነው የማየው። ጎንና ጎኑ ተጋርዶብኛል። ሰው ከጎኔ መጥቶ ሲያናግረኝ እደነግጣለሁ። ደንበኛ ሰላም ሲለኝ ሳላየው እያለፍኩ ‘ኮራች’ ተብያለሁ።”

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀች ማግስት በጥቂት ዕቃ ጁባ የገቡ ናቸው። ከጊዜ በኋላ ራስ ምታት ጀመራቸው። ጁባ ላይ ለትኩሳትም ይሁን ለራስ ምታት የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ወባ ወይም ታይፎይድ። ሁለቱንም ታከሙ። ቀጥሎ ሳይነስ ነው ተባሉ። ቀጥሎ መነጽር ታዘዘላቸው፣ መነጽሩም ተቀየረ። ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሲመጡ ነው አንድ የዓይን ሐኪም በጣቱ ከጎንና ከጎን እያሳየ መርምሯቸው ያለ ወሬ ወደ ኤም አር አይ የላካቸው። ውጤቱ፦ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ የተቀመጠ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያክል እጢ።

“ዶክተሩ ‘ደስ ይበልሽ፣ ካንሰር አይደለም’ አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳልሜ መጣሁ። ለካ ደስታው ነው ወረፋ ውስጥ የከተተኝ።”

አንድ የመንግሥት ሆስፒታል መዝገብ ላይ ስማቸውና የወንድማቸው ስልክ ተጻፈ። “እንደውላለን” ተባሉና ንግዳቸውን ጥለው መቆየት ስለማይችሉ ወደ ጁባ ተመለሱ። እኔን የለመኑኝ ትንሽ ነገር ነው። “አዲስ አበባ ስትገባ ሄደህ ስሜ መዝገቡ ላይ መኖሩን ብቻ እይልኝ።” ይህ ጽሑፍ ከዚያ ልመና የመጣ ነው።

የወይዘሮዋ ዓይነት እጢ ሜኒንጂዮማ ይባላል። ከአንጎሉ ሥጋ ሳይሆን አንጎልን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ይነሳል። በአዋቂዎች ላይ ከራሱ ከጭንቅላት ውስጥ ከሚነሱ እጢዎች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ያጠቃል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እያደገ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። ችግሩ የራስ ቅል ቦታ አለመጨመሩ ነው። እጢው ባደገ ቁጥር የሚገፋው ነገር አለ። የሚገፋው የዓይን ነርቭ ከሆነ እይታው ከዳር ወደ መሀል ይጠባል። ነርቩ ረጅም ጊዜ ከተጫነበት ደግሞ እጢው ቢወጣም ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል።

ሰው ይህንን እጢ ማውጣት የጀመረው ሲቲ ስካን የሚባል ነገር ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ማክዩን የሕመሙን ምልክት ብቻ ተከትሎ የአንዲት ታዳጊ ልጅን የራስ ቅል ከፍቶ እጢ አወጣ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖራ በሌላ በሽታ ነው የሞተችው። እ.ኤ.አ. በ1910 አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ የጄኔራል ሌናርድ ዉድን እጢ በቀዶ ሕክምና አወጣ። ዉድ ድኖ የአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነ፤ ለፕሬዚዳንት ዕጩነት ተወዳደረ፤ የፊሊፒንስ ገዥም ሆነ። ሕመሙ እያገረሸበት ግን ሥራ ላይ ቆየ። በ1927 እንደገና ኩሺንግ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሞተ። ሜኒንጂዮማ የሚለውን ስም በ1922 ያወጣው ይኸው ኩሺንግ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1971 በሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው ታካሚም በአንጎሏ እጢ አለ ተብላ የተጠረጠረች ሴት ነበረች። ይህን ሁሉ ስናነብ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሰው ልጅ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ቀድሞ ድል ያደረገው ይህንን የእጢ ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የሚድን ሕመም ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሴቶች የሚነካ አዲስ ምርምር አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢ ኤም ጄ የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ለሜኒንጂዮማ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ18 ሺሕ በላይ ሴቶች መርምሯል። ዲፖ የምንለውን የሦስት ወር መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ የተወጉ ሴቶች በዚህ እጢ ምክንያት ለቀዶ ሕክምና የመቅረብ ዕድላቸው 5.6 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በፈረንሳይ መርፌው ብዙም ስለማይዘወተር ቁጥሩ የተገኘው ከጥቂት ሴቶች ነው። ለአንዲት ሴት ያለው ስጋትም አሁንም ትንሽ ነው። ያልታቀደ እርግዝና የሚያስከትለው አደጋም ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ መርፌውን በድንጋጤ የምታቋርጥ እንዳትኖር። በኢትዮጵያ ግን የሦስት ወር መርፌ ከተለመዱት የወሊድ መከላከያዎች አንዱ ነው። ለዓመታት የተወጋች ሴት የማይለቅ ራስ ምታት ወይም የእይታ ለውጥ ሲገጥማት ይህንን ለሐኪሟ መንገር አለባት። ወይዘሮዋም “አሥር ዓመት ተወግቻለሁ። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም” ነው ያሉኝ።

ጁባስ? ደቡብ ሱዳን ነፃ ከወጣችበት ከ2011 ወዲህ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 በተነሱ ጦርነቶች ተመትታለች። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር፤ ጁባ ከዚህ በብዙ ርቃ ነው ያለችው። የጤናውን ሸክም በአብዛኛው የተሸከመው የለጋሾች ገንዘብ ነው፤ እሱም ቅድሚያ የሚሰጠው ለወባ፣ ለወላዶችና ለሕፃናት ነው። ትክክልም ነው። የአንጎል እጢ ያለበት ታካሚ ግን አቅም ካለው አገር ለቆ ይሄዳል። ቀድሞ መንገዱ ካርቱም ነበር። “ካርቱም ቋንቋውን እንችላለን፣ ዘመድ አለን፣ በአውቶቡስም እንሄድ ነበር” አለኝ ወይዘሮዋ ዘንድ ምሳ የሚበላ አንድ ደቡብ ሱዳናዊ ነርስ። ሚያዝያ 2023 ካርቱም በጦርነት ስትነድ ያ በር ተዘጋ። በ2024 መጀመሪያ የደቡብ ሱዳንን ነዳጅ ይዞ በሱዳን በኩል የሚያልፈው ቧንቧ ሲበጠስ ደግሞ የአገሪቱ ገንዘብ ወደቀ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ለወራት ደመወዝ አጣ። ዛሬ የቀረው ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ካይሮ፣ ላለው ሰው ሕንድ፣ እና በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቀው አዲስ አበባ ነው።

አዲስ አበባም ብትሆን ወደዚህ የደረሰችው ቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውክላንድ ሆስፒታል ጋር ሆኖ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በአገሪቱ የነበሩት የሙያው ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከኖርዌይ ክኑት ቬስተርና ሞርተን ሉንድ ዮሃንሰን የመሳሰሉ ሐኪሞች እየተመላለሱ አስተማሩ። ሥልጠናው በጥቁር አንበሳና ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል በሚለው ገርጂ በሚገኘው ሚዩንግሰንግ ሆስፒታል ተካሄደ። ልጆቻችን ውጭ ሄደው ከመቅረት ይልቅ እዚሁ ተመረቁ፤ ዛሬ ቁጥራቸው በብዙ አሥሮች ሆኗል። ዘውዲቱና ጳውሎስ ሆስፒታሎችም ይህንን ሕክምና ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ውጤት በሌላ ዘርፍ ብናገኝ ሐውልት እናቆምለት ነበር።

ታዲያ ሐኪሙ ካለ ወረፋው ከየት መጣ? ስሙ እንዳይጠቀስ የፈለገ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም እንዲህ አስረዳኝ። “እኔ አለሁ። የማደንዘዣ ባለሙያው ግን ሌላ ክፍል ተጠርቷል። ማይክሮስኮፑ ቢሠራ የፅኑ ሕሙማን ክፍሉ አልጋ የለውም። አልጋ ሲገኝ ደም የለም፤ ይህ እጢ ደግሞ ደም ይወዳል። ሁሉም ሲሟላ ሌሊት በሞተር አደጋ ወይም በዱላ የተመታ ወጣት ይመጣል። ጠዋት ለእጢ ታካሚዋ የተያዘውን ጠረጴዛ እሱ ይወስደዋል። ተሳስተሃል ትለኛለህ?” አልልም። አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚሞተው ይቅደም። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ድንገተኛው በየሌሊቱ ይመጣል፤ ስለዚህ “ጊዜ አላት” የተባለችው በየጠዋቱ ትገፋለች። ወረፋው የሚለካው ዛሬ ማን ይሞታል በሚል ብቻ ነው። በዚህ ወር ዓይኑን የሚያጣው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም።

ይህንኑ ይዤ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ካንሰር ያልሆነ የአንጎል እጢ ይዘው ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ስንት ናቸው? አማካይ ቆይታቸውስ? እየጠበቁ ሳለ ዓይናቸውን የሚመረምር አለ? ኃላፊው ደብዳቤ ጠየቁኝ። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ጥያቄው የሌላ ክፍል ነው አሉ። ሌላው ክፍል ወደ እሳቸው መለሰኝ። የወይዘሮዋን ስም በተመለከተ መዝገብ የያዘችው ሠራተኛ በትሕትና ፈልጋ አገኘችው። በስሙ አጠገብ በእርሳስ “ስልክ አይነሳም” ተብሏል። ወንድማቸው ሲም ካርድ ቀይሮ ነበር።

“በየትኛው አገር ነው የምጠብቀው?” ይላሉ ወይዘሮዋ። “እዚህ ሀበሻ ነኝ፣ እዚያ የውጭ ነዋሪ ነኝ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ቀበሌህ ነው የሚያስገባህ፤ እኔ ቀበሌ የለኝም። ‘ደም የሚሰጥ ዘመድ ይዘሽ ነይ’ ይሉኛል፤ ዘመዶቼ ጁባ ናቸው። ‘በግል ተሠሪ’ ይላሉ፤ ዋጋውን በጠየቅሁ ቁጥር ይጨምራል።” እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሕክምና ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ወይዘሮዋ እስከዚያው በጁባ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙትን ዴክሳሜታዞን የተባለ መድኃኒት ይውጣሉ። እጢው በአንጎል ላይ የሚያመጣውን ዕብጠት ያስታግሳል። ፊታቸው ግን አብጧል፣ ስኳራቸውም ከፍ ብሏል። “ወፍረሽ አማረብሽ ይሉኛል” ብለው ሳቁ።

መጠበቅ የሚያስከፍለው ይህ ብቻ አይደለም። ዓይን ይጠፋል፣ የሚጥል በሽታ ይመጣል፣ እጢው ባደገ ቁጥር ቀዶ ሕክምናው ራሱ ይከብዳል። ንግድ ይሸጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል። የላንሴት የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 አምስት ቢሊዮን የዓለም ሕዝብ ደህንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚችለው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ ጽፏል። ኢትዮጵያም በቀጣዩ ዓመት ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምናን የሚያስፋፋ አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥታለች። ዕቅዱ ከኖረን ወረፋውን መቁጠር ከሁሉ ቀድሞ መምጣት ነበረበት።

አዲስ ሆስፒታል እስኪሠራ መጠበቅ ግድ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ድንገተኛ የማይነካው ጠረጴዛ ለእነዚህ ታካሚዎች ይለይ። የሚጠብቅ ሁሉ በየሦስት ወሩ እይታው ይመርመር፤ እይታው የወረደ ወደ ላይ ይውጣ። መዝገቡ ላይ ከአንድ በላይ ስልክ ይጻፍ፣ የጎረቤት አገር ቁጥርም ይደወል። ኃላፊዎች የሚጠብቀውን ሰው ቁጥር በየዓመቱ ለሕዝብ ይንገሩ። አንባቢም ሆይ፣ በጁባም ሁን በጅማ፣ ሳምንታት ያለፈው ራስ ምታት ከእይታ መጥበብ ጋር ከመጣብህ መነጽር ቀይሬ ልየው አትበል፤ እይታህን ከጎንና ከጎን የሚመረምር የዓይን ሐኪም ፈልግ። መዝገብ ላይ ያለህም ከሆንክ ስልክህን ስትቀይር መጀመሪያ ለሆስፒታሉ ንገር፤ ዓይንህ እየቀነሰ ከመጣም ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሄደህ አስመርምር።