ስለ ከባድ ጡት ሕክምናና ስለ ኢንሹራንስ ክፍያ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል በአሜሪካ አገር ለሚኖሩ እኅቶቻችን ተጨማሪ ትርጉም አለው። በዚያ አገር ሕመሙን ደብቆ የቆየ ሰው ፈውሱን ብቻ ሳይሆን፣ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍንለትንም ኢንሹራንስ ሊያጣ ይችላልና። ዛሬ የምንጽፈው ብዙ ሴቶች ለመናገር ስለሚያፍሩበት ችግር፣ ይኸውም ከመጠን በላይ ስለ ከበደ ጡት ነው። በዚያ ዘመድ ያላቸው አንባቢዎቻችን ምክሩን ለሚያስፈልጋት እንዲያደርሱልን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጡት ከሰውነት ጋር በማይመጣጠን መጠን ሲያድግ ክብደቱ ትከሻን ወደ ፊት ይስባል፤ አንገትንና ጀርባን ያሳምማል፤ የጡት መያዣው ማንገቻ በትከሻ ላይ ቦይ የመሰለ ምልክት ያወጣል፤ ከጡት በታች ያለው ቆዳም በላብ እየራሰ ይላጣል፣ ይቆስላል። ለዚህ የሚደረገው ኦፕራሲዮን ትርፉን ሥጋና ስብ አውጥቶ ጡቱን ማቅለል ነው። ሆኖም ጠባሳ እንደሚተውና ወደ ፊት ሕፃን ለማጥባት ሊያስቸግር እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

የኢንሹራንስ ኩባንያዎች መልክን ለማሳመር ብቻ ለሚደረግ ኦፕራሲዮን አይከፍሉም። ሕመምን ለማስወገድ ለሚደረገው ግን ብዙዎቹ ይከፍላሉ። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ወሰኑን ለመለየት ብዙ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ በ1991 ዓ.ም. ዶክተር ፖል ሽኑር ከጓደኞቻቸው ጋር ካሳተሙት ጥናት የመጣ ነው። ሠንጠረዡ የሴቲቱን ቁመትና ክብደት መነሻ አድርጎ የሰውነቷን የገጽ ስፋት ያሰላል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ጡት ቢያንስ ስንት ግራም መውጣት እንዳለበት ይወስናል። ለምሳሌ የገጽ ስፋቷ 1.70 ካሬ ሜትር ለሆነች ሴት 370 ግራም፣ 2.00 ካሬ ሜትር ለሆነች ደግሞ 628 ግራም ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተሙ ጥናቶች የኦፕራሲዮኑ ጥቅም በሚወጣው ግራም ብዛት ብቻ እንደማይለካ አሳይተዋል። ልዩ የጡት መያዣና የአካል ማጠንከሪያ ሕክምናም ዘላቂ ዕረፍት እንደማይሰጡ ተረድቷል። ይህንም ማስረጃ ሐኪሙ በደብዳቤው ሊጠቅሰው ይችላል።

እንግዲህ ክፍያ የምትፈልግ ሴት የሚከተለውን ትፈጽም፦

1ኛ፤ በመጀመሪያ የኢንሹራንሷን ውል ታንብብ። አንዳንዱ ውል ይህን ኦፕራሲዮን ጨርሶ አይሸፍንም፤ የሚሸፍነውም የራሱን ደንብ ያወጣል።

2ኛ፤ ሕመሟን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሐኪም ትናገር፤ በመዝገቧም መጻፉን ታረጋግጥ። ለኩባንያው ያልተጻፈ ሕመም እንደሌለ ይቆጠራል። ቋንቋው የሚያስቸግራት ብትሆን፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። በባል ወይም በልጅ አፍ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ሊያሳፍር ስለሚችል፣ የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ትጠይቅ።

3ኛ፤ ብዙ ኩባንያዎች በቅድሚያ ለጥቂት ወራት ሌላ ሕክምና መሞከሩን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለአካል ማጠንከሪያ የሄደችበትን ቀን፣ የወሰደችውን የሕመም ማስታገሻና ለቁስሉ የታዘዘላትን ቅባት ሁሉ በማስረጃ ትያዝ።

4ኛ፤ ኦፕራሲዮኑ ከመደረጉ በፊት ሐኪሙ ምክንያቱን፣ የሚወጣውን ግራም ግምትና ፎቶግራፍ ለኩባንያው ልኮ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበል። ያለ ፈቃድ የተደረገ ሕክምና ዕዳው በታማሚዋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ኩባንያው አልከፍልም ቢል ነገሩ በዚያ አያበቃም። በ2010 ዓ.ም. በወጣው የጤና ሕግ መሠረት አብዛኛዎቹ የግል ኢንሹራንሶች የእምቢታቸውን ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ አለባቸው። ታማሚዋ ደብዳቤው በደረሳት በ180 ቀን ውስጥ ለዚያው ለኩባንያው ይግባኝ ማለት ትችላለች። ገና ላልተደረገ ሕክምና ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ዳግመኛ ቢከለክላት ደግሞ በ4 ወር ውስጥ ጉዳዩ ከኩባንያው ውጭ ባሉ ገለልተኛ መርማሪዎች እንዲታይላት ትጠይቃለች፤ የእነርሱም ውሳኔ ኩባንያውን ያስገድደዋል። ይግባኙ የእምቢታውን ምክንያት ነጥብ በነጥብ የሚመልስ ይሁን እንጂ ልመና ብቻ አይሁን።

በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ለተቆረጠ ሴት ግን ሕጉ የተለየ ነው። የ1998 ዓ.ም. ሕግ እንደሚያዘው፣ ጡት ለመቁረጥ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሁለተኛውን ጡት ለማመጣጠን ለሚደረገውም ኦፕራሲዮን ይከፍላል።

በመጨረሻ ለመምህራን የምንለው አለን። እኅታችን በባዕድ አገር በሐኪም ፊት አንገቷን ደፍታ «ደኅና ነኝ» የምትለው እዚያ የተማረችው ነገር ሆኖ አይደለም፤ ያ ዝምታ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ያደገ ነው። ጀርባዋን አጉብጣ ነጠላዋን በደረቷ ላይ የምትደራርብ፣ ከስፖርት ሰዓት የምትሸሽ ተማሪ ብትኖር፣ መምህርቷ ለብቻዋ ጠርታ በደግ ቃል ትጠይቃት፤ ጓደኞቿ እንዳይሳለቁባትም ትጠብቃት። ስለ ሰውነቷ ሳታፍር መናገርን በትምህርት ቤት የለመደች ልጅ፣ ነገ በየትኛውም አገር ሕመሟን ለሐኪም ለማስረዳት አትቸገርም።