ተረት መንገርና ድምፅን አሰምቶ ማንበብ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ተረት በአገራችን ከትምህርት ቤት በፊት የነበረ ትምህርት ነው። ልጅ ማዳመጥንና ነገርን በቅደም ተከተል መያዝን የሚለማመደው በምድጃ ዙሪያ ከሚነገረው ተረት ነው። መምህሩም በክፍል ውስጥ ተረት ሲናገር ሕፃናቱ የሚያውቁትን ዓለም ወደ ትምህርት ቤቱ ያስገባል። ሆኖም ተረት መንገር ብቻውን አንባቢ አያፈራም። ተረት ነጋሪ በእጁ፣ በዓይኑና በድምፁ ሐሳቡን ይረዳል፤ መጽሐፍ ግን ይህ ሁሉ የለውም። በጽሑፍ አማርኛ ግሱ ከረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ሕፃኑ ሐሳቡን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ይዞ መቆየት ይኖርበታል። ይህንንም የሚለምደው ሰው አሰምቶ ሲያነብለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፊደላችን ጠባይ የመጣ ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ለይቶ አያሳይም። «ገና ገና አልደረሰም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ቃላት በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ ነገር ግን የፊተኛው «ና» ጠብቆ በዓሉን፣ የኋለኛው ላልቶ ጊዜውን ያመለክታል። «ዋና» እና «አለ»ን የመሳሰሉትም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ፊደል ቆጥሮ ንባብ ያልሰማ ልጅ እያንዳንዱን ፊደል በትክክል ጠርቶ ትርጉሙን ሊስት ይችላል።

ጉዳዩ በቸልታ የሚታይ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ በመምህሩ እጅ ያለው መፍትሔ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ምንባቡን በዋዜማው አንብቦ፣ አጠራጣሪ በሆኑት ጠባቂ ፊደላት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ።

ለ/ ሲያነብ በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ ላይ ይረፍ፤ ገጹንም ከመግለጡ በፊት «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ።

ሐ/ ምንባቡ ሲያልቅ፣ ከኋላ ከተቀመጡት ጀምሮ ልጆቹ በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይተርኩት።

መ/ በማግስቱ ያንኑ ምንባብ ተራ በተራ ያንብቡት። መምህሩን ተከትሎ በኅብረት መጮኽ ቃል መያዝ እንጂ ንባብ አይደለም።

ለዚህ ሥራ በመምህሩ እጅ አንድ መጽሐፍ መኖሩ ይበቃል። በመሆኑም የተማሪ መጽሐፍ በማይዳረስበት ትምህርት ቤት ሁሉ ሊፈጸም ይችላል። ከዕቅድ አውጪዎች የሚፈለገው በክፍለ ጊዜ ሠሌዳው ላይ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ መመደብ ነው፤ ቦታ ያልተሰጠውን ሥራ፣ በፈተናም የማይጠየቀውን፣ መምህሩ በገዛ ፈቃዱ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይዘልቃል ተብሎ አይጠበቅምና።