ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር



ከሰመራ ወይም ከመተማ ቆላ ተነስቶ ደብረ ታቦር የገባ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አንዳንዴም ራሱን ያመዋል። እኛ ነባሮቹ ደግሞ «ቆለኛ ዳገት አይችልም» እያልን እንቀልዳለን። በሰውነቱ ውስጥ እየተካሄደ ያለውን ብናውቅ ግን አንቀልድም ነበር።

ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም እንደ ቆላው 21 በመቶ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ግን በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል።

ይህን እጥረት ለህዋሳችን የሚያሳውቁት ፕሮቲኖች ናቸው። ዋናው ሂፍ-1 ይባላል። ህዋሱ የዚህን ፕሮቲን አንድ ክፍል ያለማቋረጥ ያመርታል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ሌሎች ፕሮቲኖች በዚያው ኦክስጅን ተጠቅመው ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክት የተደረገበትም በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ ይቀራል፤ ሂፍ-1 ይከማችና ወደ ኒውክለስ ገብቶ በርካታ ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። ሠርቶ ማፍረስ ለእኛ ለምህንድስና ተማሪዎች ብክነት ይመስለናል። ነገር ግን ችግር ሲመጣ ከዜሮ መጀመር የለም፤ ማፍረሱን ማቆም ይበቃል። ይህን አሠራር የደረሱበት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍ እና ግሬግ ሴመንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

የሂፍ-1 ወንድም የሆነው ሂፍ-2 ደግሞ ኩላሊት ኢሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመርት ያደርጋል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኒ ቀይ የደም ህዋሳትን እንዲጨምር ያዛል። ሆርሞኑ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል፤ ደሙ እስኪጨምር ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ደጋ ተወልደው ያደጉትስ? ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ሲሆን ከቆላ ነዋሪ ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። ከፍታን መላመጃው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አዲስ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለሰውነታችሁ ጊዜ ስጡት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብላችሁ ውጡ። ሳምንታት አልፈውም ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ወይም ደረታችሁን ካመማችሁ «የደጋው አየር ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኛ ነባሮቹም ቀልዱን ትተን ሻንጣቸውን እንያዝላቸው።