አዲስ ላም ወደ ግቢ ከመግባቷ በፊት

የዛሬው ዝግጅታችን በግቢያቸው አንዲት የወተት ላም ለመጨመር ለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ከሰላት በኋላ ከሚቀርቡልን የኑሮ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ለላም የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በዕቁብ የተጠራቀመ ወይም የዓመት የበርበሬና የበቆሎ ሽያጭ ነው። ላሟ ወተት አልባ ሆና ብትገኝ ወይም በወሩ ብትሞት ያ ቤተሰብ ሌላ ለመተካት ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጉዳዩን አቅልለን አናየውም።

በቅድሚያ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ጭዳችሁን ቁጠሩ። 250 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የሐበሻ ላም በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች። ሣር ከሚደርቅበት ከጥር መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያሉትን 150 ቀናት ብናሰላ ወደ 10 ኩንታል ይደርሳል። ይህ የአዲሷ ድርሻ ብቻ ነው፤ ቀድማ ያለችው ላምና በሬዎቹ በዚህ ውስጥ የሉበትም። ለአንዲት የሚበቃውን ለሁለት ያካፈለ ሰው የላም ቁጥር ጨመረ እንጂ ወተት አልጨመረም፤ እንዲያውም ሁለቱም ይነጥፉበታል። የጤፍና የዳጉሳ ጭድም ሆነ የበቆሎ አገዳ ነፍስ ያቆያል እንጂ ብቻውን ወተት አያወርድም። ወተት የሚያወርደው የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና እርጥብ መኖ ነው። ብዙ ጎረቤቶቻችን ለላሞቻቸው የጠላ አተላ ይሰጣሉ። በእኛ ቤት ጠላ ስለማይጠመቅ ይህ በነጻ የሚገኝ መኖ የለንም፤ የፋጉሎውን ወጪ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይላል። ዝሆኔ ሣር፣ ዴሾና ሳስፓኒያ በአጥር ሥርና በእርከን ላይ በክረምት ቢተከሉ ይህን ወጪ ያቃልላሉ።

ውኃውንም አትርሱ። ከወተት ውስጥ ከመቶው 87 እጁ ውኃ ነው፤ የምትታለብ ላም በቀን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ይህን ውኃ ማን ይቀዳል? ብዙውን ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ ላም ለመግዛት ሲመከር አባወራው ብቻውን አይወስን፤ እነሱም ይጠየቁ።

ምን ዓይነት ላም ትገዛ? የሐበሻ ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ትሰጣለች። ዲቃላ ላም በአግባቡ ከተያዘች 6 እና 8 ሊትር፣ ከዚያም በላይ ልትሰጥ ትችላለች፤ ነገር ግን የምትበላውም፣ የምትታመመውም በዚያው ልክ ነው። በመካከል ደግሞ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ካለው ሜዳ የመጣው የፎገራ ዝርያ አለ። ባሕር ዳር አጠገብ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን ዝርያ ለማሻሻል ሲሠራ የኖረ ነው። መንደራችሁ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ከሆነ ደግሞ ገንዲ አለ። ገንዲ በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ የደም በሽታ ሲሆን፣ ከደጋ የመጣችን ዲቃላ ላም ቶሎ ያከሳታል፤ ያስወርዳታልም። በእኛ አስተያየት ለልጆች ወተት ብቻ ለምትፈለግ ላም ቆላ ላይ ዲቃላ መግዛት ገንዘብን ለዝንብ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ገበያ ላይ ግቷ ተወጥሮ የቆመችን ላም አይተው የሚቸኩሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ላሟ አንድ ቀን ሳትታለብ ቆይታ ሊሆን ይችላል። ይህ ማታለያ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሻጮች ግመልንና በግን ሳያልቡ አቆይተው ግታቸው የሞላ እንዲመስል ማድረጋቸውን ከልክለዋል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መሠረት ገዢው ካለባት በኋላ ምርጫ አለው፤ ከወደዳት ያስቀራታል፣ ካልወደዳት ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር ይመልሳታል። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ «ተስሪያ» ይሉታል፤ ብዙዎቹም ላምን በዚሁ ፍርድ ውስጥ አስገብተዋል። እንግዲህ ሙስሊም ሻጭ የላሙን ነውር፣ እርግጫዋንም ሆነ ማስወረዷን፣ መናገር ግዴታው ነው። ገዢም «አይነኬ ነው» ብሎ አይፈር፤ ይጠይቅ።

በተግባር ግን ሻጭን ፍለጋ ከመመላለስ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። ከተቻለ ከገበያ ሳይሆን ከሚታወቅ ቤት ግዙ። ማታና ጠዋት ሁለት ጊዜ ስትታለብ ተመልከቱ። አራቱንም ጡት ለየብቻ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቂት እለቡ፤ ወተቱ ከረጋ ወይም ደም ከቀላቀለ ግቷ ታሟል። ጥርሷን እዩ። ከሁሉ በላይ ጥጃው የእሷ መሆኑን አረጋግጡ። የሐበሻ ላም ጥጃው ካልጠባት ወተቷን አታወርድም፤ የሌላ ጥጃ አስጠግተው የሚሸጡ ስላሉ ስታሸተውና ስታጠባው በዓይናችሁ እዩ። «ክበድ ናት» ከተባለም የእንስሳት ሐኪም በእጁ ይመርምራት። ውሉ በምስክር ፊት በጽሑፍ ይሁን።

ቤት ስትደርስ በቀጥታ ከነባሯ ላም ጋር አትቀላቅሏት። ከ3 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ጋጣ፣ በሌላ የውኃ ገንዳ ትቆይ። አፍተግርና በቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣው በሽታ ወደ ግቢ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ከብት ጋር ነው። ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባና ለጎርርሳ መከተቧን ጠይቁ፤ መዥገሯ ይነቀል፣ የጉበት ትል መድኃኒትም ትውሰድ። ስታልቡ መጀመሪያ ጤነኛዋን ነባር፣ በመጨረሻ አዲሷን አድርጉ። ስትበላው ከነበረው መኖ አንድ ማዳበሪያ ከሻጩ ይዛችሁ ኑ፣ ከእናንተ መኖ ጋር እየቀላቀላችሁ ለውጡላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተቷ ቢቀንስ አትደንግጡ፤ አገር ለውጣለችና።

በዚህ ጊዜ «ዓይን በላት» የሚል ወሬ ይነሳል። ዓይን እውነት መሆኑን አንክድም። ሆኖም በአንገቷ ላይ ክታብ ማንጠልጠል መፍትሔ አይደለም። ቢስሚላህ ብላችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ግቷን በንጹሕ ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ እለቡ፤ ውኃዋንና መኖዋንም መርምሩ።

ወተቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ጥሬ ወተት ለሕፃን አይሰጥ። ላምን የሚያስወርደው ብሩሴላ የሚባለው በሽታ እንዲሁም የከብት ሳምባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ጮጮውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማፍላትን አይተካም። ላሟ መርፌ ከተወጋች ሐኪሙ እስከሚወስነው ቀን ድረስ ወተቷ አይጠጣ። የሚተርፋችሁን ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ የጾሙን ወራት አስቡ። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዷን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። በክርስቲያኑ ቤት ወተት ሲቀር በእኛ ቤት ለኢፍጣር ይፈለጋል፤ ያልተሸጠው ተንጦ ቅቤ ይሆናል። ስለ ዘካ ለሚጠይቁንም፣ የከብት ዘካ የሚጀምረው ከ30 ነው፤ በአንዲትና በሁለት ላም ላይ የለም።

አንድ ነገር ይቀረናል። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ምልክቱም አንድ ቀን እንኳ ላይቆይ ይችላል። ጠዋት ካያችሁ ለማታ፣ ማታ ካያችሁ ለነገ ጠዋት አዳቃይ ባለሙያውን ጥሩ። የተዳቀለችበትን ቀን በግድግዳ ካሌንደር ላይ ጻፉ፤ የምትወልደው ከ9 ወር ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ሁለት ወር ሲቀራት ማለብ ይቁም። ስትወልድ ጥጃው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ እንገሩን ጠግቦ ይጥባ፤ ልጆች እንገር ቢያምራቸውም ከጥጃው የተረፈውን ይጠብቁ።