ተጨማሪ መረጃ፦ የተሰረቀ ላፕቶፕ ያለበት ቦታ እንዴት ይታወቃል?

አብዛኞቹ ላፕቶፖች እንደ ስልክ የጂፒኤስ መቀበያ የላቸውም። ታዲያ ሲሰረቁ በምን ይገኛሉ? አንዱ መንገድ መከታተያ ሶፍትዌር ነው። ይህ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ የሚያሳውቅ ፕሮግራም ነው። ቦታውን ለማወቅ ላፕቶፑ በዙሪያው ያሉትን የዋይፋይ መሣሪያዎች መለያ ያነባል፣ የሲግናላቸውንም ጥንካሬ ይለካል፤ ውጤቱም የዋይፋዮቹ ቦታ አስቀድሞ ከተመዘገበበት የመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸራል። ዋይፋይ በሚበዛበት ከተማ ግምቱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል።

ሌባው ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ቢጭንስ? ተራ መከታተያ አብሮ ይጠፋል። አብሶሉት የተባለው ኩባንያ ግን ከላፕቶፕ አምራቾች ጋር ተስማምቶ የፕሮግራሙ ክፍል በባዮስ ውስጥ እንዲቀመጥ አድርጓል። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋም መከታተያው ከዚያ ተነስቶ ራሱን መልሶ ይጭናል።

ሞክሩ፦ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ኮምፒውተር ሴቲንግስ ውስጥ «ፋይንድ ማይ ዲቫይስ» (መሣሪያዬን ፈልግ) የሚለውን መከታተያ ፈልጉ። በርቷል ወይስ ጠፍቷል? የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥርም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የተሰረቀ ላፕቶፕ ያለበት ቦታ ቢታወቅ ራሳችሁ አትሂዱ፤ ለፖሊስ አመልክቱ።