የሚታፈኑት ክሮች

ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍሌ ጊታርና ክራር ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ ተማሪ ገና ወንበር ይዞ ሳይደላደል የሚያቀርብልኝ ጥያቄ ግን አልተለወጠም፦ «ቲቸር፣ ስንት ወር ቢፈጅብኝ ነው በፍጥነት የምጫወተው?» አይፈረድበትም። እኛም ጎበዝ ተጫዋች ስናደንቅ «ጣቱ አይታይም» ነው የምንለው። ዋናውን ሙያ የያዘ፣ ጆሯችን ግን የማያውቀው ሌላ እጅ አለ።

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ አንድ ልጅ መጣ። ጊታርን ከስልኩ ቪዲዮ እያየ በራሱ የተማረ ነው፤ አሁን ክራር አማረው። ሰጠሁት። ወዲያው በግራ እጁ ክሮቹን ይጫን ጀመር፤ ክራሩ ግን ታፈነበት። የጊታር ክር አንገቱ ላይ ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ይላል። ክራር አንገት የለውም። ስድስቱ ክሮች ከቀንበሩ ወደ ታች አየር ላይ ተወጥረዋል፤ የነኩት ክር ዝም ይላል። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም ጠርጎ ያልፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ከተለቀቀችው ክር ነው።

ልጁ ተናደደ። «ታዲያ ግራ እጄ ሥራው ማፈን ብቻ ነው?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ሁለት ሰው አሰማሁት።

አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። ተዋናይትም ክራር ተጫዋችም ነበረች። ድምጿ ሲያዝን ክራሯ አብሮ አያለቅስም፤ ቦታ ይለቅላታል። ሌላው አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ጥቂት ሸክላዎች አስቀርጾ ወደ እርሻ ሥራው ተመለሰ። በአንዱ ዘፈኑ የሚኖርባትን አቫሎንን ጠርቶ ስለነበር፣ እሷን ምልክት ያደረገ ሰው በ1963 ሄዶ አገኘው፤ ከ35 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኸርት ሲጫወት አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ እንደ መንገደኛ እግር ይረግጣል፤ ሁለት ጣቶቹ ዜማውን ይለቅማሉ። አንድ ሰው መሆኑን እስክትረሱ ድረስ። ግን አይቸኩልም።

ልጁ «የእኛን ይመስላል» አለ። አልተሳሳተም። የክራር አምስት ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች። ዝቅ ያለው የባቲ ቅኝት፣ የብሉዝ ተጫዋቾች የሚመላለሱባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ብሉዝ ተጫዋቹ ክሩን ጎትቶ ድምፁን ያጣምማል፤ በእኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው የዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ለመሻገርም ክሮቹን እንደገና መቃኘት ግድ ነው። መጠበቅን ሳይማር ክራር የተማረ የለም።

ኅዳር ላይ ልጁ ጠፋ። የቡና ለቀማ ነው፤ በዚያ ወር ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥፍሩ ጠቁሮ መጣ።

«ቲቸር፣ ቀይ ሲለቀምም እኮ ጣት የሚለፋው አረንጓዴውን ለመተው ነው» አለኝ።

ስንት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር እንዲህ ማለት አልቻልኩም ነበር። ቅርንጫፉን ጠርጎ መግፈፍ ለማንም ይቀላል፤ ጥሬው ግን ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ ሲኒ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ጥሩ ለቃሚ የሚታወቀው ዛፉ ላይ በተወው ነው።

ያን ቀን የተሻለ ተጫወተ ብዬ አልዋሽም። የቀለበት ጣቱ እየዘገየ ያልፈለግናት ክር ደጋግማ ጮኸችብን። ፍጥነት ግን አላነሳም። ክራሩን ወደ ባቲ ሊቃኝ ጎንበስ አለ፤ ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ሁለታችንም አልተናገርንም። ከዚያ ቀኝ እጁ ስድስቱን ጠርጎ አለፈ። አምስቱ ዝም አሉ፤ አንዷ ጠራች።

በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ክራር ተጫዋች ካጋጠማችሁ ከጀርባው ዞራችሁ ግራ እጁን እዩት።